ዶክተር ማዝ፦ በኢንተርኔት በነጻ ማትስ ማስጠናት

በኢንተርኔት በነጻ ማትስ ማስጠናት ያው ስሙ እንደሚለው ነው፣ አንድ ጥያቄ አልፈታ ያለው ተማሪ የሆነ ቦታ ይልከዋል፣ ከዛ በኩል ደግሞ አይቶት የማያውቀው ሰው አንድ ብር ሳይከፈለው ያግዘዋል። አሁን ቴሌግራም ላይ ስለለመድነው ብርቅ አይመስልም፣ ግን ነገሩ ፌስቡክም ዩቲዩብም ሳይፈጠሩ በኢሜይል የተጀመረ ነው፣ እኛው አህጉር ላይ ደግሞ ስማርትፎን ገና በየሰው እጅ ሳይገባ በተራ ሞባይል ተሰርቶበታል። እዚህ ብዙውን የማወራው ስለ ሁለት አገልግሎቶች ነው፣ ሁለቱም ዶክተር ማዝ ይባላሉ፣ የስሙ መመሳሰል አጋጣሚ እንዳይመስላችሁ፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አስፈቅዶ ነው የወሰደው።

የመጀመሪያው የተጀመረው በፈረንጆቹ 1994 አሜሪካ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ስዋርዝሞር በሚባል ትንሽ ኮሌጅ ነው። እዛ ጂን ክሎትዝ የሚባል የሂሳብ ፕሮፌሰር ያቋቋመው ጂኦሜትሪ ፎረም የሚባል ፕሮጀክት ነበር፣ በኋላ ማዝ ፎረም የተባለው ማለት ነው፣ ከዛ ውስጥ ነው ዶክተር ማዝ የወጣው። መጀመሪያ ላይ መልስ የሚሰጡት የኮሌጁ ተማሪዎች ነበሩ፣ ልጆች ከየትምህርት ቤቱ በኢሜይል ይጠይቃሉ፣ እነሱ ደግሞ ከክላስ ሲወጡ ቁጭ ብለው ይመልሳሉ፣ መጨረሻ ላይ ዶክተር እገሌ ብለው ይፈርማሉ። ፒኤችዲ ምናምን አይጠየቅም፣ ዶክተርነቱ ጨዋታ ነው፣ ግን ልጆቹ በጣም ወደዱት። ጥያቄው ሲበዛ ለኮሌጁ ልጆች ብቻ ስለከበደ በሩን ለሌላው ከፈቱት፣ ጡረታ የወጣ አስተማሪ አለ፣ ኢንጂነር አለ፣ ፕሮግራመር አለ፣ ማታ ማታ ከስራ ሲመለስ ሁለት ሶስት ጥያቄ መልሶ የሚተኛ።

እኔ በጣም የገረመኝ ሰው ይቀበሉበት የነበረው መንገድ ነው። ሂሳብ እችላለሁ ብሎ የመጣ ሁሉ ዝም ብሎ አይመልስም፣ አዲስ የገባው መልሱን ይጽፋል፣ ነባሮቹ ያዩለታል፣ ያስተካክሉታል፣ ከዛ ነው ለልጁ የሚላከው፣ ብቃቱን ሲያዩ ነው ብቻውን የሚለቁት። ጥሩ ጥሩዎቹ ጥያቄና መልሶች ደግሞ አርካይቭ ውስጥ ይገባሉ፣ ስለዚህ አንድ ልጅ የጠየቀውን ከሱ በኋላ የመጣ ሺ ልጅ ያነበዋል። እዛ አርካይቭ ውስጥ ያለውን ስታዩ ደግሞ ብዙው እኛ ክላስ ውስጥ እጅ አውጥተን ለመጠየቅ ያፈርነው ነው። ኔጌቲቭ በኔጌቲቭ ሲባዛ ለምን ፖዘቲቭ ይሆናል፣ በዜሮ ማካፈል ለምን አይቻልም፣ 0.999 እያለ ማለቂያ የሌለው ቁጥር እውነት ከ1 እኩል ነው ወይ። እኔ 7ኛ ክፍል ሆኜ የመጀመሪያውን ስጠይቅ የተሰጠኝ መልስ ህጉ ነው የሚል ነበር፣ ህግ ከሆነ እሺ ብዬ ተቀመጥኩ፣ ምን አደርጋለሁ።

ሁለተኛው ዶክተር ማዝ ደቡብ አፍሪካ ነው፣ በፈረንጆቹ ጥር 2007 ፕሪቶሪያ የተጀመረ። ያኔ እዛ አገር ወጣቱን ሁሉ የያዘው ሚክሲት የሚባል የቻት አፕ ነበር፣ ሄርማን ሄውኒስ የሚባል ሰው ስቴለንቦሽ ከተማ የሰራው፣ ኢንተርኔት መክፈት በሚችል ተራ ቀፎ ላይ የሚሰራ። የተወደደበት ምክንያት ቀላል ነው፣ ዋጋው። አንድ ኤስኤምኤስ ከግማሽ ራንድ በላይ ሲያስከፍል በሚክሲት አንድ መልእክት መላክ አንድ ሁለት ሳንቲም ቢሆን ነው፣ ስለዚህ ልጆቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲጻጻፉ ያድራሉ፣ ወላጅና አስተማሪ ደግሞ ይሄ ነገር ልጆቻችንን ጨረሰ እያሉ ይጮሃሉ። የመንግስት የሳይንስ ምርምር ካውንስሉ ስር በነበረው ሜራካ ኢንስቲትዩት የምትሰራ ላውሪ ቡትገሪት የምትባል ተመራማሪ ግን ነገሩን ገልብጣ አየችው፣ ልጆቹን ከስልኩ ከማስጣል ማትሱን ስልኩ ውስጥ ማስገባት አይሻልም ወይ አለች። ልጆች በሌሉበት ቦታ አሪፍ ዌብሳይት ሰርቶ ኑ ከማለት እነሱ ያሉበት መሄድ፣ ሲታሰብ ቀላል ነው፣ እስከዛሬ ግን ብዙ ፕሮጀክት የሚሞተው ይሄን ባለማድረግ ነው።

አሰራሩ እንዲህ ነበር። ልጁ ዶክተር ማዝን እንደ ማንኛውም ጓደኛ ኮንታክቱ ላይ አድ ያደርጋል፣ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከሰዓት በኋላና አመሻሽ ላይ ጥያቄውን ይጽፋል። ከወዲያ ያለው አስጠኚ በስልክ አይደለም የሚጽፈው፣ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ የብዙ ልጅ ቻት በአንድ ስክሪን እያየ ለአንዱ ሲመልስ ሌላው እያሰበ ይጠብቃል። አስጠኚዎቹ በአብዛኛው የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ነበሩ፣ ዩኒቨርሲቲው ለማህበረሰብ አገልግሎት የሚሰጡት ሰዓት ስለሚጠይቃቸው ያንን እዚህ ይሞሉታል፣ እና በጎ ፈቃድ ነው ግዴታ ነው የሚለው ትንሽ ያከራክራል፣ ለኔ ግን ልጁ እስከተረዳ ድረስ ችግር የለውም። የልጁ ስልክ ቁጥር ለአስጠኚው አይታይም፣ የአስጠኚው ማንነትም ለልጁ አይነገርም፣ የተወራው ሁሉ ይመዘገባል። ልጅና ትልቅ ሰው በቻት ብቻቸውን ሲገናኙ የሚመጣውን ጣጣ ቀድመው አስበውበታል ማለት ነው፣ የኛ ቴሌግራም ላይ ኢንቦክስ ና እያለ ተማሪ የሚጠራውን ሁሉ ሳይ ይሄ ትዝ ይለኛል።

ቋንቋው ሌላ ጉድ ነው። የሚክሲት ልጆች አናባቢ የሚባለውን ነገር አያውቁም፣ ቃሉን ቆርጠው ቆርጠው በቁጥር ቀላቅለው ነው የሚጽፉት፣ እኛ አማርኛን በላቲን ፊደል ስንጽፍ እንደምናደርገው በሉት። አስጠኚዎቹ ሳያርሙ ዝም ብለው አነበቡት፣ ሶፍትዌሩም ያንን የተቆራረጠ ጽሁፍ አይቶ ጥያቄው ስለ ምን እንደሆነ እንዲገምት ተደረገ። አስጠኚ በማይኖርበት ሰዓት ደግሞ ልጁ ፎርሙላ መፈለግ፣ ካልኩሌተር መጠቀም፣ የሂሳብ ጌም መጫወት ይችላል። ተመዝግበው የነበሩት ልጆች ቁጥር በኋላ ከ30,000 በላይ ደርሷል፣ ሲጀመር በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ከስልኩም ከሶፍትዌሩም በላይ ግን ሁለቱን ዶክተር ማዞች አንድ የሚያደርጋቸው መልስ አለመስጠታቸው ነው። ልጁ የቤት ስራውን ኮፒ አድርጎ ስራልኝ ቢል እስቲ የሞከርከውን አሳየኝ ይባላል። ይሄ ሲሰማ ቀላል ነው፣ ሲሰራ ነው የሚከብደው፣ ከራሴ ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ ማትስ የማግዝበት ግሩፕ ላይ አንዷ ልጅ እንዲህ ብላ ጠየቀች፣ ጫማ 20 ፐርሰንት ቅናሽ ተደርጎለት 480 ብር ተሸጠ፣ መጀመሪያ ስንት ነበር። የሷ መልስ 576 ነበር፣ የ480ን 20 ፐርሰንት አግኝታ ደመረችው። እኔ ጎበዝ፣ 480ን ለ0.8 አካፍዪ፣ 600 ነው ብዬ ላኩ፣ ልጅቷ አመሰግናለሁ ብላ ሄደች፣ በነጋታው ያንኑ ጥያቄ ጫማውን በሬዲዮ ቀይራ ይዛ መጣች፣ ያንኑ ስህተት ተሳስታ። ማድረግ የነበረብኝ በይ እሺ፣ 576 ከሆነ ራስሽ 20 ፐርሰንት ቀንሺለትና እዪው ማለት ነበር፣ 460.80 ይመጣባታል፣ ለምን 480 አልመጣም ብላ ራሷ ትደነግጣለች፣ ከዛ 20 ፐርሰንቱ የየትኛው ብር ነው የሚለው ጥያቄ ከራሷ ይወጣል። ያ ድንጋጤ ነው ትምህርቱ፣ እኔ ደግሞ ፈጥኜ ቀማኋት። ችሎታ ያለው ሰው ጥሩ አስጠኚ የማይሆነው ለዚህ ነው፣ መልሱ ምላሱ ላይ ስላለ ዝም ማለት አይችልም።

እኛ ጋር ስራው ያለው ቴሌግራም ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆች 12ኛ ክፍል ላሉት ግሩፕ ይከፍታሉ፣ ተማሪው ወርክሺቱን በስልክ ያነሳዋል (ግማሹ የተገለበጠ፣ ግማሹ ጥላ የሸፈነው)፣ የገባው በደብተር ሰርቶ ፎቶውን ይመልሳል ወይ በቮይስ ያስረዳል። ቮይሱ አማርኛ ሆኖ ፋክተራይዝ፣ ሰብስቲቲውት፣ ዶሜይን፣ ሬንጅ ሁሉ በእንግሊዝኛው ነው፣ ሃይስኩል ማትስ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የሚሰጠው ሌላ መንገድም የለም። ፍላጎቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤትን ማስታወስ ይበቃል፣ ከተፈተነው ግማሽና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 ፐርሰንት ብቻ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ወጥቶ ሶሻል ሚዲያ ላይ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ በፈተና ሰሞን ሶሻል ሚዲያ አንዳንዴም ጭራሽ ኢንተርኔቱ የተዘጋባቸው አመታት አሉ፣ ማለትም ተማሪው በጣም በሚፈልግበት ሳምንት ግሩፑ ዝም ይላል።

ይሰራል ወይ ለሚለው ጥሩ ማስረጃ ያለው ጣልያን ነው። በፈረንጆቹ 2020 ኮሮና ትምህርት ቤት ሲያዘጋ ሚኬላ ካርላና እና ኤሊያና ላ ፌራራ የሚባሉ ኢኮኖሚስቶች ከሚላን ዩኒቨርሲቲዎች ከ500 በላይ ተማሪ አሰባስበው ለተቸገሩ የመካከለኛ ደረጃ ልጆች በኦንላይን በነጻ እንዲያስጠኑ አደረጉ፣ እድሉ በዕጣ ስለተሰጠ ያገኘውንና ያላገኘውን ማወዳደር ተቻለ። በአብዛኛው በሳምንት 3 ሰዓት ነበር፣ ውጤታቸው በግልጽ ከፍ አለ፣ 6 ሰዓት ያገኙት ደግሞ የበለጠ። በዛው አመት ሳልማን ካን (በፈረንጆቹ 2004 የአክስቱን ይሁን የአጎቱን ልጅ ናዲያን ከሩቅ ማትስ ማስጠናት ጀምሮ ካን አካዳሚ የሚባለው የነጻ ኦንላይን ትምህርት ላይ የደረሰው ሰውዬ) ስኩልሃውስ የሚባል በነጻ በዙም የሚጠናበት ነገር ከሌሎች ጋር ጀመረ። እዛ ለማስጠናት የምዕራፉን ፈተና በጥሩ ውጤት ማለፍ ብቻ አይበቃም፣ ስትሰራ ጮክ ብለህ እያስረዳህ ራስህን ቀርጸህ ታስገባለህ።

ሁለቱ ዶክተሮች ግን እንደነበሩ አልቆዩም። ሚክሲትን ዋትስአፕ በላው፣ በፈረንጆቹ 2015 ድርጅቱ ስራ ማቆሙን አሳወቀ። ማዝ ፎረም ከስዋርዝሞር ወጥቶ ፊላደልፊያ ድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ ስር ብዙ አመት ከቆየ በኋላ እሱም በ2015 ለአሜሪካ የሂሳብ መምህራን ምክር ቤት ተላለፈ፣ ትንሽ ቆይቶ አዲስ ጥያቄ መቀበሉ ቀረ። ከድሮዎቹ በጎ ፈቃደኞች የተወሰኑት ግን እንዲሁ መተው ስላልሆነላቸው ዘ ማዝ ዶክተርስ ብለው የራሳቸውን ዌብሳይት ከፈቱ፣ አዲስ ጥያቄ ይቀበላሉ፣ ከአርካይቩም አሮጌ ጥያቄ እያወጡ እንደገና ያብራራሉ። አሁንም ዶክተር ፒተርሰን፣ ዶክተር ሪክ እያሉ ነው የሚፈርሙት። በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የሆነ ልጅ በኢሜይል የላከው የክፍልፋይ ጥያቄ እዛ ላይ ተብራርቶ ታገኛላችሁ፣ ልጁ አሁን አርባውን ሳይጠጋ አይቀርም።