የምታግዙበትን ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት እንዴት ትመርጣላችሁ?

ኦፕን ሶርስ ሲባል ኮዱ ክፍት የሆነ፣ ማንም አይቶ ሊቀይረውና መልሶ ሊያሰራጨው የሚችል ሶፍትዌር ነው። ሊኑክስ፣ ፋየርፎክስ፣ ብሌንደር፣ ሊብሬኦፊስ ሁሉም ከዚህ ጎራ ናቸው። ማገዝ የሚፈልግ ሞልቷል፤ ብዙው የሚሰናከለው ምርጫው ላይ ነው። ጊትሃብ ላይ (ኮድ የሚቀመጥበትና በጋራ የሚሠራበት ድረ ገጽ ነው) ተጠቃሚዎች የሚሰጡት ኮከብ የበዛለትን ፕሮጀክት ይከፍታል፣ የፋይል መዓት ያያል፣ ዘግቶ ይወጣል።

ከዝና ይልቅ ቅርበት ይሻላል። በየቀኑ የምትጠቀሙበት ላይብረሪ (ፕሮግራም ስትሠሩ የምትወስዱት ዝግጁ ኮድ) ወይም ኤዲተር (ኮድ መጻፊያ) ካለ ከእሱ ጀምሩ። የት ጋ እንደሚያስቸግርና ምን እንደጎደለው ታውቁታላችሁ።

ቀጥሎ ሰዎቹን እዩ። በእኔ እምነት ዋናው ነገር ይሄ ነው። የፑል ሪኩዌስቶቹን፣ ማለትም «ይሄን ለውጥ ተቀበሉኝ» ተብለው የሚላኩትን ጥያቄዎች፣ ገጽ ክፈቱና የተዘጉትን ተመልከቱ፤ ከዚያ ውስጥ ከቡድኑ ውጭ የሆነ ሰው የላከውን አንድ ሁለት መርጣችሁ ከላይ እስከ ታች አንብቡ። የመጀመሪያው መልስ በስንት ቀን መጣ? «ይሄን መስመር እንዲህ ብታደርገው ይሻላል፣ ምክንያቱም...» ብሎ የሚያስረዳ አለ ወይስ ያለ አንድ ቃል ተዘጋ? የጀማሪ ሥራ ሁሉ ለወራት መልስ አጥቶ ከተከመረ የእናንተም ዕጣ ያው ነው።

ዝምታው ግን ሁልጊዜ ከክፋት አይመጣም። ብዙ ፕሮጀክት የሚንከባከበው አንድ ሰው ነው፣ ያውም በትርፍ ሰዓቱ፣ ያለ ክፍያ። በ2024 ኤክስዚ በተባለው የፋይል መጭመቂያ ላይ የሆነው ይህንን ያሳያል፦ ብቻውን የደከመው ባለቤት ለዓመታት ሲያግዘው የቆየ ሰው አምኖ ኃላፊነት ሰጠው፣ ሰውዬውም በኮዱ ውስጥ ድብቅ መግቢያ ቀበረ። ስለዚህ አዲስ ሰው ላይ ጥያቄ ቢያበዙ አትቀየሙ።

የላይሰንስ (የአጠቃቀም ፈቃድ) ፋይል መኖሩንም አረጋግጡ። ኮድ በይፋ ስለተለጠፈ ብቻ ኦፕን ሶርስ አይሆንም፤ ፈቃድ ካልተጻፈበት መብቱ የባለቤቱ ብቻ ነው። ኤምአይቲና አፓቺ የሚባሉት ፈቃዶች ላላ ያሉ ናቸው፣ ጂፒኤል ግን ቀይሮ የሚያሰራጭ ሁሉ ኮዱን በዚያው ፈቃድ እንዲከፍት ያስገድዳል።

የቤቱን ደንብ ለማወቅ ኮንትሪቡቲንግ የሚለውን ፋይል አንብቡ። የሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ክፍል) ለምሳሌ የጊትሃብ ፑል ሪኩዌስት አይቀበልም፤ ለውጡ የሚላከው በኢሜይል ነው፣ ከሥሩም የላኪው ስም በፊርማ መልክ መኖር አለበት።

ለጀማሪ የሚሆን ሥራ ብዙ ቦታ «ጉድ ፈርስት ኢሹ» የሚል ምልክት ይደረግበታል፣ ሊብሬኦፊስ ደግሞ «ኢዚ ሃክስ» ይለዋል። አጠገባችሁ የሚያስረዳ ሰው ከፈለጋችሁ ከ2005 ጀምሮ የሚካሄደው ጉግል ሰመር ኦፍ ኮድ አለ፤ አማካሪ ይመድባል፣ ይከፍላልም። ለቁጥር ብላችሁ ግን አትላኩ። በ2020 ሃክቶበርፌስት የተባለው፣ ሰው ኦፕን ሶርስን እንዲያግዝ የሚያበረታታ ዝግጅት ለተሳታፊ ቲሸርት ሲሰጥ፣ አንድ ቃል ብቻ የሚቀይር ፑል ሪኩዌስት ጎርፎ ፕሮጀክቶቹን አስመረረ፤ አዘጋጆቹም እዚያው መሀል ደንቡን ቀይረው ፈቃደኛ የሆኑትን ፕሮጀክቶች ብቻ መቁጠር ጀመሩ።

አንዱን ከመረጣችሁ በኋላ፣ አንድ መስመር ሳትጽፉ ኮዱን አውርዱና በመመሪያው መሠረት አስነሱት፣ ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሹትን ቴስቶችም አሂዱ። መመሪያው የሆነ ቦታ ላይ ካልሠራ ያንን ክፍል አስተካክላችሁ ላኩ። አብዛኛው ፕሮጀክት እንዲህ ያለውን እርማት ደስ ብሎት ይቀበላል፣ እናንተም በዚያው መልስ አሰጣጣቸውን ታያላችሁ።