ዱውላ ማን ናት? ለወሊድስ መቅጠር ያስፈልጋል?

ምጥ የያዛት ሴት ጋ ብዙ ሰው ይመላለሳል። አዋላጇ ትገባለች፣ የፅንሱን የልብ ምት ታዳምጣለች፣ መዝግባ ወደ ሌላ ወላድ ትሄዳለች። ሐኪሙ ብቅ ይላል፤ የማህፀን በር ስንት ሴንቲ ሜትር እንደተከፈተ አይቶ ይወጣል። ፈረቃ ሲቀየር ደግሞ አዲስ ፊት ይመጣል። ሁሉም ሥራቸውን እየሠሩ ነው። አጠገቧ መቀመጥ ግን የማንም ሥራ አይደለም።

የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ባለቤቴን ማዋለጃ ክፍል አላስገቡትም። ሌሊቱን ሙሉ ኮሪደር ላይ ቆሞ አደረ። ዛሬ ድረስ ከህመሙ በላይ ትዝ የሚለኝ የበሩ ድምፅ ነው። በተከፈተ ቁጥር «አሁን አብራኝ የምትቆይ ሰው መጣች» እላለሁ። መልሶ ይዘጋል።

ያን ባዶ ቦታ ለመሙላት የምትቀጠር ባለሙያ አለች። ዱውላ ትባላለች። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ነው፤ በጥንቱ ግሪክኛ ሴት አገልጋይ ወይም ባሪያ ማለት ነበር። በዚህ ምክንያት ስሙን የማይወዱት አሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 ዴና ራፋኤል የምትባል አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት ስለ ጡት ማጥባት በጻፈችው መጽሐፍ ለአራስ እናት ደጋፊ ተጠቀመችበት። በኋላ ምጥ ላይ አብራ ለምትቆየውም መጠሪያ ሆነ። አጠራሩ ከእኛው «ዱላ» ጋር ስለሚገጥም ግራ እንዳያጋባ ብዬ «ዱውላ» እያልኩ ነው የምጽፈው።

ሥራዋ የሚጀምረው ምጡ ከመምጣቱ በፊት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በእርግዝናው መጨረሻ አካባቢ አንድ ሁለቴ ትገናኛላችሁ። ምን እንደሚያስፈራሽ ትጠይቅሻለች። ያለፈ ወሊድ ካለ እንዴት እንደነበር ትሰማለች። ምጡ ሲጀምር ትመጣለች፤ ከዚያ በኋላ አትሄድም። ወገብሽ ላይ ሲብስ በእጇ መዳፍ አጥብቃ ትጫነዋለች። ዳሌሽን ከሁለት ወገን ትደግፋለች። ተነሺ፣ ተንበርከኪ፣ በጎንሽ ተኚ እያለች አቀማመጥሽን ታስቀይርሻለች። ውሃ ታስጎነጭሻለች፣ አብራሽ ትተነፍሳለች። ልጁ ከተወለደ በኋላም እስኪጠባ ድረስ ትንሽ ትቆያለች። ከወሊድ በኋላ ቤት እየመጣች አራሷን የምታግዝ ዱውላም አለች፤ እሷ ግን ሌላ ሥራ፣ ሌላ ውል ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ልምጣ። ዱውላ አዋላጅ አይደለችም። የማህፀን በር አትመረምርም፣ የልብ ምት አታዳምጥም፣ የደም ግፊት አትለካም፣ መድኃኒት አትሰጥም፣ ልጅ አትቀበልም። የሕክምና ውሳኔ የእሷ አይደለም። ከሐኪም ጋር በአንቺ ፈንታ መከራከርም ሥራዋ አይደለም። ነገር ግን ሐኪሙ አንድ ነገር ተናግሮ ሲወጣ «ገባሽ? የምትጠይቂው አለ?» ትልሻለች። ምጥ ላይ ሆኖ ጥያቄ ማስታወስ ቀላል እንዳልሆነ ያየችው ታውቀዋለች።

«ታዲያ አጠገብ መቀመጥ ብቻውን ምን ይለውጣል?» ትይ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። መልሱን ሳነብ ግን ተገረምኩ።

እ.ኤ.አ. በ1991 ጆን ኬኔል፣ ማርሻል ክላውስና ባልደረቦቻቸው ቴክሳስ፣ ሂውስተን በሚገኝ የመንግሥት ሆስፒታል የሠሩትን ጥናት አሳተሙ። የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚወልዱ ሴቶችን በሦስት ቡድን አዩ። አንዱ ቡድን ዱውላ ነበረው። ሁለተኛው ቡድን ጋ አንዲት ታዛቢ ክፍሉ ውስጥ ራቅ ብላ ተቀምጣ የምታየውን ትጽፋለች እንጂ ወላዷን አታናግርም። ሦስተኛው እንደተለመደው ነው። ዱውላ ከነበራቸው በኦፕራሲዮን የወለዱት 8 በመቶ ነበሩ። ከተለመደው ቡድን 18 በመቶ። ልብ የሚነካው ግን መካከለኛው ነው፤ 13 በመቶ። ቃል ያልተናገረች፣ እጅ ያልያዘች ሴት እዚያ ክፍል ውስጥ መኖሯ ብቻ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎታል። ይህን ሳነብ የዚያ ሌሊት በር ትዝ አለኝ።

አንድ ጥናት ብቻውን አይበቃም። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ከ17 አገሮች የተሰበሰበ፣ ከ15,000 በላይ ሴቶችን ያካተተ መረጃ አገናዘበ። በምጥ ወቅት ሳይቋረጥ የሚደግፋቸው ሰው የነበራቸው ሴቶች በራሳቸው ምጥ የመውለድ ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ኦፕራሲዮን ቀንሷል። የምጡ ጊዜ በአማካይ በ40 ደቂቃ ገደማ አጥሯል። ስለ ወሊዳቸው መጥፎ ስሜት ይዘው የቀሩትም ያነሱ ነበሩ። እዚህ ላይ ግን ልብ በይ፤ ጥናቶቹ ውስጥ ደጋፊዋ ሁልጊዜ ዱውላ አልነበረችም። አንዳንዴ የሆስፒታሉ ሠራተኛ ናት፣ አንዳንዴ ዘመድ ናት። ኦፕራሲዮን ይበልጥ የቀነሰው ደጋፊዋ ሠራተኛም ዘመድም ሳትሆን ለዚሁ የመጣች ሰው ስትሆን ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ወላድ ሁሉ ራሷ የመረጠችው ሰው በምጥ ጊዜ አብሯት እንዲሆን ይመክራል።

ምክንያቱ ከሰውነታችን አሠራር ጋር የተያያዘ ነው። ምጡን የሚያፋፍመው ኦክሲቶሲን የተባለ ሆርሞን ነው። ሰው ሲፈራ ደግሞ አድሬናሊን ይበዛል፣ ይህም ምጡን ሊያዘገየው ይችላል። የምታምኚው ሰው አጠገብሽ ሲኖር ፍርሃቱ ይቀንሳል። በዚያ ላይ በጀርባሽ ተኝተሽ አትቀሪም፤ የሚያንቀሳቅስሽ አለ።

እንግዲህ ልቅጠር አልቅጠር የሚለው እዚህ ላይ ነው። በእኔ እምነት መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ምጡ ሃያ ሰዓት ቢፈጅ፣ ከአጠገቤ የማይነሳው ማን ነው? ስም ጥሪ። የጠራሽው ሰው ሲጨንቀው ይረጋጋል ወይስ ይብስበታል? ደም ሲያይ ይቆማል? አንቺ ስትጮሂ አብሮ ይጮሃል? እናትሽን በጣም ልትወጃት ትችያለሽ፤ ስቃይሽን ማየት ካልቻለች ግን ያን ቀን አንቺ ነሽ የምታጽናኛት።

ተረጋግቶ የሚቆይ ሰው ካለሽ ዱውላ የግድ አይደለችም። ባለቤትሽ ሥራው ከቤት የሚያርቀው ከሆነ፣ ከዘመድ ርቀሽ የምትኖሪ ከሆነ፣ የሆስፒታሉን ቋንቋ በደንብ የማትናገሪ ከሆነ፣ ወይም ያለፈው ወሊድ ልብሽ ውስጥ ቁስል ትቶ ከሆነ ግን፣ አቅሙ ካለሽ በደንብ አስቢበት እላለሁ። በተለይ የመጨረሻዋን ሴት «አሁን ተረስቷል» ብለው የሚያልፏት ብዙ ናቸው። አልተረሳም።

ባሎች «እኔስ ምን ልሠራ ነው?» ብለው ቅር ይላቸዋል። ጥሩ ዱውላ ቦታቸውን አትወስድም። እጅሽን እሱ ይያዝ፣ ወገብሽን እሷ ትጫን። እሱ ሽንት ቤት መሄድ ሲያምረው ብቻሽን አትቀሪም።

ሌላው ዱውላ ማለት ያለ ማደንዘዣ መውለድ ማለት የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። ኤፒዱራል (በወገብ በኩል የሚሰጥ ማደንዘዣ) ብትወስጂም፣ ቀኑ በተቆረጠለት ኦፕራሲዮን ብትወልጂም ልትቀጥሪያት ትችያለሽ። ሆስፒታሉ ኦፕራሲዮን ክፍል ላያስገባት ይችላል፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ግን ትጠቅማለች።

መቅጠር ከፈለግሽ፣ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት የምትወልጂበት ሆስፒታል ስንት ሰው እንደሚያስገባ ጠይቂ። አንድ ሰው ብቻ ካሉሽ ከባለቤትሽና ከእሷ መምረጥሽ ነው፣ ያ ደግሞ ሌላ ውይይት ይፈልጋል። ከዚያ እሷን አነጋግሪ። በብዙ አገር ሥራው የመንግሥት ፈቃድ አይጠይቅም፤ ማንም ተነስቶ ዱውላ ነኝ ሊል ይችላል። ስለዚህ የት እንደሠለጠነች፣ ስንት ወሊድ ላይ እንደነበረች ጠይቂ። ራሷ ወልዳ ታውቃለች ወይ የሚለውን ብዙዎች ያስቀድማሉ፤ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» እንዳይሆን ነው መሰለኝ። እኔ ግን ከወለደችው ይልቅ አጠገቡ የተቀመጠችው ወሊድ ብዛት ያሳስበኛል። የራሷ ምጥ የራሷ ነው፣ የአንቺ ሌላ ነው።

ምጥ ቀጠሮ አያከብርም። ሌላ ወላድ ጋ እያለች ያንቺ ቢመጣ ማን ትተካላታለች? ተተኪዋን አስቀድመሽ ታገኛታለሽ? ከስንተኛው ሳምንት ጀምሮ ነው ስልኳን ሌሊትም የምታነሳው? ብዙዎቹ ከ38ኛው ሳምንት ጀምሮ ዝግጁ ይሆናሉ። ክፍያው ምን ምን እንደሚያካትት፣ ኦፕራሲዮን ቢሆን ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ይሁን።

ስታወራሽ ደግሞ ስሜትሽን አዳምጪ። ሐኪሞችን የምታጣጥል፣ ክትትል አያስፈልግሽም የምትል፣ ማደንዘዣ መውሰድን እንደ ሽንፈት የምትቆጥር ከሆነ አመስግነሽ ተለያዪያት። እንደዚያ ያለችው ለአንቺ ሳይሆን ለራሷ እምነት ነው የምትቆመው።

ሁለተኛ ልጄን ስወልድ ዱውላ አልቀጠርኩም። እህቴን ጠየቅኋት። ሦስት ወልዳለች፣ ድምፅዋም ዝግ ያለ ነው። ከመድረሴ ሁለት ሳምንት በፊት ቤት ቁጭ ብለን ተለማመድን። ወገቤ ላይ የት እንደምትጫን አሳየኋት፣ ስጨናነቅ ምን እንድትለኝ እንደምፈልግና ምን እንዳትለኝ ነገርኳት። ሆስፒታሉ ማስገባቱንም አስቀድመን አረጋገጥን። ያን ቀን ስልኳን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ልጄ እስክትወለድ አላወጣችውም።