ጤነኛ የዘይት ግፊት ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደግሞ አንዱ ለአሮጌ ትራክተር ባለቤት «ሞተሩ ሞቆ የዘይት ግፊት ጌጁ ከ40 ፒ.ኤስ.አይ (የግፊት መለኪያ ነው) ከወረደ አልቆለታል፤ ወፍራም ዘይት ጨምርበት» እያለ ሲመክር አየሁ። ምክሩ ስንት ጤነኛ ሞተር በከንቱ እንዳስፈታ ስለማውቅ ዝም ማለት አቃተኝ።

ፓምፑ የሚሰጠው ዘይት እንጂ ግፊት አይደለም። ግፊቱ የሚመጣው ዘይቱ በክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ዘንግ) እና ዘንጉን አቅፈው በያዙት ቤሪንጎች መካከል ባለችው ቀጭን ክፍተት ለማለፍ ሲታገል ነው። ፓምፕ ያለው የጋራ ግቢ አስቡ። ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ ፓምፑ ቢሠራ የመስመሩ ግፊት ሰማይ ይነካል፤ ጀሪካን ይዞ የቆመው ሰው ግን ጠብታ አያገኝም። አንዱ ሲከፍት ግፊቱ ይወርዳል፣ ውሃውም መፍሰስ ይጀምራል። ቤሪንጎቹ ቧንቧዎቹ ናቸው፤ ማፍሰስ አለባቸው። ሲያረጁ ከልክ በላይ ያፈሳሉ፣ ያን ጊዜ ውሃ የሚያጣው ፎቅ ላይ ያለው ተከራይ ነው፤ በሞተሩ ቤት እሱ ከላይ ሆኖ ቫልቮቹን የሚከፍተው ሮከር አርም ነው። ግፊቱ ሲበዛ ትርፉን ዘይት ወደ ታች የሚመልሰው ደግሞ ሪሊፍ ቫልቩ ነው።

ወፍራም ዘይት ጨምር የሚለው ሰው እንግዲህ የቧንቧውን ጎሚኒ ሳይቀይር ውሃውን አጥሚት አድርጎ «ግፊት መጣ» የሚል ነው። መርፌው በእርግጥ ከፍ ይላል። በጠዋት ብርድ ሞተሩ ሲነሳ ግን ያ ዘይት ሮከሩ ጋ እስኪደርስ ብረት ከብረት ይፋጫል።

ከዚህ የሚብሰው ከሪሊፍ ቫልቩ ሞላ ሥር ሮንዴላ የሚጨምረው ነው። ቫልቩ የሚወስነው የግፊቱን ጣራ ብቻ ነው። ያረጀ ሞተር ሞቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጠው በዝቅተኛ ዙር) ሲሠራ ቫልቩ ቀድሞውንም ዝግ ነው፤ ዝግ በርን ደግሞ መልሶ መዝጋት አይቻልም። ሮንዴላው የሚያሳድገው የጠዋቱን፣ ማንም ያልጠየቀውን ቁጥር ነው።

ወደ «40» ልመለስ። ከ1917 እስከ 1928 የተሠራው ፎርድሰን ኤፍ የዘይት ፓምፕ እንኳ አልነበረውም፤ ዘይቱ እየተረጨ ነበር የሚያለሰልሰው። ባለ ሁለት ሲሊንደሮቹ ጆን ዲር ኤ እና ቢ ጤነኛ ሆነው የሚያሳዩት ከ10 እስከ 15 ፒ.ኤስ.አይ ነው። መካሪያችን ይህን ቢያይ ዕለቱን ያስፈታው ነበር። ሞተሩ በደቂቃ ለሚዞረው ለእያንዳንዱ 1000 ዙር 10 ፒ.ኤስ.አይ ያስፈልጋል የሚለው ሕግም የእሽቅድምድም ሞተር ሕግ ነው፣ ለእርሻ አልተጻፈም። እኛ አገር በደንብ የሚታወቀው ማሲ ፈርጉሰን 135፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ናፍጣ ሞተር ያለው ሲሆን፣ ሞቆ በሙሉ ዙር ከ30 እስከ 60 ይጠበቅበታል። በሙሉ ዙር ነው ያልኩት። በሚኒሞ መርፌው ቢወርድ ያ ብቻውን በሽታ አይደለም።

መጠየቅ ያለበት ሞተሩ ከራሱ ልማድ ወርዷል ወይ ነው። ለአንድ ሰዓት ያህል አርሶ ከሞቀ በኋላ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ዙር፣ በተመሳሳይ ዘይት ይለካ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ጌጅ ዕድሜው ከሞተሩ እኩል ስለሆነ ሌላ ሜካኒካል ጌጅ አስገብቶ ማመሳከር ግድ ነው። ከልማዱ ወርዶ ጭነት ላይ ከታች ማንኳኳት ከጨመረ ሞተሩ ወዲያው ይጥፋ፤ «እስከ ማታ ልጨርስበት» የለም።

ማንኳኳት ከሌለ ግን ቤሪንግ ከማዘዝ በፊት የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጥቶ ማሽተት ይሻላል። እንዲህ ባሉ ፐርኪንሶች ላይ የናፍጣ መጋቢው ፓምፕ ዲያፍራም (ውስጡ ያለው ስስ ሽፋን) ከተቀደደ ናፍጣው በቀጥታ ወደ ሞተር ዘይቱ ይወርዳል። ዘይቱ ይቀጥናል፣ ግፊቱ ይወድቃል፣ በዘንጉ ላይ ያለው ልክ ግን ከማነስ ይልቅ ከላይኛው ምልክት አልፎ ይገኛል። «ዘይት አይበላም፣ እንዲያውም ይጨምራል» ብሎ የሚኮራ ባለቤት ካለ አትመኑት። ዲያፍራሙ ይቀየር፣ ዘይቱም ፊልትሮውም ይቀየር፣ ከዚያ እንደገና ይለካ።