መኪና ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ለምንድን ነው?

ሐምሌ ላይ ከቱሉ ዲምቱ ወደ አዳማ በፈጣን መንገዱ ስትወጡ ዶፍ ከያዘ፣ መሪው ድንገት ቅልል ሊላችሁ ይችላል። ደስ አይበላችሁ፤ ጎማው አስፋልቱን ለቋል ማለት ነው።

የጎማ ጥርስ በዝናብ ጊዜ ሥራው በቦዮቹ ውሃ ማስወጣት ነው። ፍጥነት ሲጨምር ግን ውሃው መውጫ ጊዜ ያጣል። ከጎማው ፊት ይጠራቀምና ከሥር ገብቶ ያነሳዋል። ከዚያ ወዲያ መሪም ፍሬንም አይታዘዝም። "ፎር ዊል ነው የምነዳው" ማለትም አያድንም። በብዙ አገሮች የጥርስ ዝቅተኛ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለኛ ክረምት እሱም ያንሳል ባይ ነኝ። ነፋስ የጎደለው ጎማም ቶሎ ይንሳፈፋል።

ሲያጋጥማችሁ ፍሬን አትርገጡ። እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ቀስ ብላችሁ አንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። ፍጥነቱ ሲበርድ ጎማው መልሶ መሬት ይይዛል።