ኤግዚስቴንሻሊዝም ምንድን ነው? «ምን አገባኝ» አይደለም
ባሕር ዳር ውስጥ ሥራ የሰለቸው ሁሉ ጣና ዳር ቁጭ ብሎ «ኤግዚስቴንሻሊስት ነኝ» ማለት ጀምሯል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ ፍልስፍናውን እንዲህ ጠቀለለው፦ «ሕይወት ትርጉም የላትም፤ ስለዚህ ደስ ያለህን አድርግ።» የመጀመሪያውን ግማሽ ለጊዜው እንለፈው። ያቃጠለኝ ሁለተኛው ነው።

የኤግዚስቴንሻሊዝም ዋና ድምፅ የነበረው ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዣን ፖል ሳርትር በ1945 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ላይ ባደረገው ዝነኛ ንግግር ያለው ተቃራኒውን ነው። ሰው ተሠርቶ ያለቀ ማንነት ይዞ አይመጣም፤ ማንነቱን የሚሠራው ተግባሩ ነው። ስለዚህ ማሳበቢያ የለውም። «ተፈጥሮዬ ነው»፣ «ዕድሌ ነው» ብሎ ማምለጥ አይቻልም። ይሄ እንዴት ዘና ያደርጋል?

ታንኳ ላይ ሆነህ ጣና መሃል ገባህ እንበል። ውኃ ላይ የተሠመረ መንገድ የለም። አስተያየት ሰጪያችን «መንገድ ከሌለማ ምን አስቀዘፈኝ?» ይላል። ካልቀዘፍክ ግን ነፋሱ ይወስድሃል፤ እንዲወስድህ የፈቀድከውም አንተው ነህ። ከኋላህ ያለውም ቀዛፊ አንተን አይቶ ይከተላል። ሳርትር «ለራስህ ስትመርጥ ለሰው ሁሉ ትመርጣለህ» የሚለው ለዚህ ነው። በእርግጥ ታንኳው የተሠራበትን ደንገል አልመረጥከውም፤ በየት አገር፣ ከማን እንደምትወለድ ማን ጠየቀህ? ደንገል ደግሞ ውኃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ጊዜህም ያልቃል። ጀርመናዊው ፈላስፋ ሃይደገር ሞትን አጥብቆ የያዘው ወዶ አይደለም። ምሳሌው እዚህ ላይ ይብቃው፣ ታንኳው ሊሰምጥ ነው።

ዛሬ በየቦታው የምንሰማው «ራስህን ሁን» ከዚህ ሰፈር ብዙ ተበድሯል፤ ኃላፊነቱን ግን ትቶ ነው የመጣው። ፈረንሳዊቷ ፈላስፋ ሲሞን ደ ቦቯር በ1949 «ሴት ሆኖ መወለድ የለም፤ ሴት መሆን የሚመጣው በኋላ ነው» ስትል ግን ጨዋታ አልነበረም። ከዚያ በኋላ የመጣው የሴቶች መብት ክርክር ከእሷ ብዙ ወስዷል።

ሥነ ጽሑፍ ስለማስተምር አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ገጸ ባሕርይ ማለት ደራሲው ማለት አይደለም። ፈረንሳዊው ደራሲ አልበርት ካሙ በ1942 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ እናቱ ሞታ የማያለቅስ ሰው አለ። እንደሱ ኑሩ አላለም። ካሙ ራሱ እኮ ኤግዚስቴንሻሊስት አይደለሁም ብሏል! «የከሃዲዎች ፍልስፍና ነው» ለሚለውም፦ የዚህ አስተሳሰብ አባት የሚባለው ዴንማርካዊው ፈላስፋ ኪርኬጎር የለየለት ክርስቲያን ነበር።