የደራሲዎች ልደት ላይ ስንት ጊዜ ተሸውደናል

እዚ ጅማ መንደራ ሰፈር ጠዋት ጠዋት ቡና የምንጠጣባት ቤት አለች፣ እኔ ደብተሬን አወጣና ዛሬ የየትኛው ደራሲ ቀን እንደሆነ አነባለሁ፣ ከዛ በርጩማ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ቡናው ሶስተኛ እስኪደርስ ትንሽ ነገር ይጽፋል፣ ግጥምም ይሁን ሁለት መስመር ወሬ። እዛ የሚነሱትን ስህተቶች ልንገራችሁ፣ ግማሹ የራሴ ነው።

“ከፈረንጁ አመት 8 መቀነስ ነው በቃ”
አይደለም። ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ የሚቀነሰው 7 ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በዲሴምበር 2003 ስለሆነ በኛ 1996 ነው፣ ጸጋዬ ገብረመድህን ግን በፌብሯሪ 2006 ስለሆነ 8 ቀንሰን 1998 እንላለን።

“ስልኬ የሚለኝን ቀን ልውሰድ”
እዚ ላይ ነው የተዋረድኩት። አድዋ ማርች 1፣ 1896 ነበር አይደል፣ እኔ ደግሞ ማርች 1ን በዘንድሮ አመት ስልኬ ላይ አስገብቼ የካቲት 22 ብዬ አነበብኩ። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ሲኒያቸውን አስቀምጠው “አንተ ልጅ፣ በ22 የተደረገ አድዋ አለ እንዴ?” አሉኝ፣ ቤቱ በሳቅ ሞላ። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ የኛ አቆጣጠር በየ4 አመቱ ሳይዘል ጳጉሜን 6 ያደርጋል፣ የፈረንጁ ግን በ1800 እና በ1900 ያቺን ተጨማሪ ቀን ዘሏታል፣ ስለዚ የድሮውን ቀን በዛሬ ስሌት ከቀየርከው ይንሸራተታል። የራሺያውን ገጣሚ ፑሽኪንን ውሰዱ፣ ራሺያኖች ልደቱን ጁን 6 ያከብራሉ፣ ያ ዘንድሮ ግንቦት 29 ነው፣ እሱ የተወለደ ለት ግን እዚ አገር ሰኔ 1፣ 1791 ነበር! እኛ ቤት ሰኔ 1 ብለን አጽድቀናል፣ ራሺያ ቅር ካላት ትምጣና ቡና ትጠጣ።

“ሼክስፒርና ሰርቫንቴስ በአንድ ቀን ሞቱ”
ሚያዝያ 15 የአለም የመጽሐፍ ቀን በመጣ ቁጥር ይሄ ይነሳል። የሁለቱም ኤፕሪል 23፣ 1616 ይባላል እንጂ ስፔን ያኔ በአዲሱ ካላንደር ነበረች፣ እንግሊዝ በአሮጌው፣ በመሀል 10 ቀን አለ። ሰርቫንቴስ ደግሞ በ22 ሞቶ በ23 ነው የተቀበረው።

“የመጀመሪያው የአማርኛ ልብወለድ የታተመው አዲስ አበባ ነው”
ሮም ነው፣ በ1900 ዓ.ም.፣ የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ።

“እነሱ በልጅነታቸው ጨርሰውታል፣ እኔ አለፈብኝ”
ይሄኛው ነው የሚያናድደኝ፣ ምክንያቱም ደብተሬ ራሱ ያመጣው ጣጣ ነው፣ በየቀኑ የሊቅ ስም ሲነበብበት ሰው እስክሪብቶውን ያስቀምጣል። ሐዲስ ዓለማየሁ ጣልያን ማርኳቸው እዛው አገሩ ለአመታት ታስረዋል፣ ከዛ ስንት አገር በዲፕሎማትነት ዞረው፣ ፍቅር እስከ መቃብር የወጣው በ1958 ነው፣ ያኔ ሃምሳውን አልፈዋል። ቡና የምታፈላልን እህታችን ይህን ስትሰማ “እኔ ገና አርባ ነኝ” ብላ የልጇን የሂሳብ ደብተር ከኋላ ገለጠች፣ ሶስት ገጽ ሞልታለች፣ ልጁ የቤት ስራ የሚሰራበት አጥቶ አዲስ ደብተር ገዛንለት።

ነገ ሰኔ 1 ነው፣ የፑሽኪን። በርጩማ ስለማይበቃ ቀደም በሉ፣ እስክሪብቶ ደግሞ ከኔ አትለምኑ።