የሰደድ እሳት ጭስና የበረሃ አቧራ በአየር ጥራት ቁጥጥር

የሰደድ እሳት ጭስ ወይም የበረሃ አቧራ ከተማ ላይ ሲያርፍ የአየር ጥራት መሥሪያ ቤቶች ሁለት ሥራ ይጠብቃቸዋል። አንደኛው ሕዝቡን ማስጠንቀቅ ነው፤ ይህ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ሁለተኛው፣ ያ ቀን ከተማዋ በሕግ የተቀመጠውን ጣሪያ ማለፍ አለማለፏ በሚሰላበት ጊዜ ይቆጠር እንደሆነ መወሰን ነው፤ ይህ ወራት ይፈጃል።

በአሜሪካ የዕለቱ ደቃቅ ብናኝ (ፒኤም 2.5) ጣሪያ በሜትር ኩብ 35 ማይክሮግራም ነው። የሚሰላው ግን በየዓመቱ ከፍተኛውን ንባብ በመውሰድ አይደለም። በየቀኑ የሚለካ ጣቢያ ከሆነ ስምንተኛው ከፍተኛ ቀን ይወሰድና የሦስት ዓመቱ አማካይ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ሳምንት ተኩል የቆየ ጭስ ብቻውን አካባቢውን «ጥሰት ፈጻሚ» ሊያሰኝ ይችላል። ለዚህም በ2007 ወጥቶ በ2016 (እ.ኤ.አ.) የተሻሻለ የልዩ ክስተቶች ደንብ አለ። ግዛቱ ንባቡን ምልክት ያደርግበታል፣ ለፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ያስታውቃል፣ ማስረጃውን አዘጋጅቶ ለ30 ቀን ለሕዝብ አስተያየት ያቀርባል፣ ከዚያ ውሳኔ ይጠብቃል። ንባቡ ከመዝገብ አይሰረዝም፤ ከስሌቱ ብቻ ይወጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ከባዱ ነገር ማስረጃው ነው። ጭሱ በሳተላይት ምስል ላይ መታየቱ አይበቃም፤ ከላይ እያለፈ መሬት ላይ ላይደርስ ይችላልና። የአየሩን መንገድ ወደ ኋላ የሚከተል ሞዴልና በማጣሪያው ላይ የተገኘ ሌቮግሉኮሳን (እንጨት ሲቃጠል የሚወጣ ውህድ) ጉዳዩን ያጠናክራሉ። ለአቧራ ደግሞ አሉሚኒየም፣ ሲሊከንና ካልሲየም ይፈለጋሉ። በምዕራብ ግዛቶች ነፋሱ ሳያቋርጥ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ካልደረሰ፣ አቧራው ከታረሰ ማሳ ወይም ከግንባታ ቦታ አለመነሳቱን ማስረዳት ይከብዳል።

አውሮፓ የቀኑን ንባብ በሙሉ ከስሌቱ አያወጣም፤ የተፈጥሮውን ድርሻ ይቀንሳል። ለምሳሌ የሰሃራ አቧራ በመጣ ቀን የከተማው ጣቢያ 68 ማይክሮግራም ፒኤም 10 (ከደቃቁ ሌላ ሻካራውንም ብናኝ የሚጨምር ልኬት)፣ ከከተማ የራቀው ጣቢያ 40 ቢያነቡ፣ የራቀውም ጣቢያ አቧራ በሌለባቸው በዙሪያው ባሉ ቀናት የተለመደ መጠኑ 15 ቢሆን፣ የአቧራው ድርሻ 25 ነው። 68 ሲቀነስ 25፣ 43 ይሆናል፤ ለፒኤም 10 ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት ከቆየው የ50 ጣሪያ በታች ማለት ነው። የራቀው ጣቢያ በደንብ ካልተመረጠ ግን የከተማው መኪና ያስነሳው ብናኝ በሰሃራ ስም ይታለፋል።

መሣሪያውም ይፈተናል። ብናኙን በማጣሪያ ጥቅልል ላይ ሰብስቦ በቤታ ጨረር የሚመዝነው መለኪያ አቧራ ሲበዛበት ማጣሪያው ይደፈናል፣ የአየር ፍሰቱ ይወድቃል፣ ንባቡም ውድቅ ይሆናል፤ የሚጠፋው በጣም የሚፈለገው ሰዓት ነው። በብርሃን የሚሠሩት ርካሽ ሰንሰሮች ደግሞ ጭሱን አጋንነው ያነባሉ፣ ሻካራውን አቧራ ግን አብዛኛውን አያዩትም። ስለዚህ ያልታረመ ንባባቸው ለማስጠንቀቂያም ቢሆን በጥንቃቄ የሚወሰድ ነው።